ቀኝ እጅህን አላላው

ባለፈው ሳምንት የእናቴን አሮጌ ቁም ሳጥን ልናሳድስ ዕቃውን ስናወጣ፣ ከታችኛው መሳቢያ፣ ከድሮ ፎቶዎችና ከደረቁ ባትሪዎች ሥር አንድ የግራ እጅ ጓንት አገኘሁ። ቀኙን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ መጀመሪያውኑም አልነበረውም። ቆዳው ድሮ ነጭ ነበር ይባላል። እኔ ሳውቀው የሻይ ቀለም ነበረው፤ አሁን ጠቁሮ እንደ ቋንጣ ተኮማትሯል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ቫዝሊን፣ ላብና የታጨደ ገብስ ሸተተኝ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ሽታው አልለቀቀም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ከሳሎን ሆና "ምን አገኘሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ስለዚህ ጓንት ተጠይቄ "ምንም" ብዬ ስመልስ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ልነግራችሁ የፈለግኩትም እሱኑ ነው።

አባቴ ቀያሽ ነበር፤ መሬት ለኪ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ከጎልፍ ሜዳ አጥር ሥር ነው። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት መልስ የፈረንጆችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከመ ሲከተላቸው፣ ሲመቱ እያየ መምታት ተማረ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ የብረት ዱላ፣ ይህን ጓንትና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶለት ሄደ። ጎልፍ ተጫዋች ጓንት የሚያጠልቀው በአንድ እጁ ነው። ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው ግራውን ያለብሳል፤ ዱላውን ጨብጦ ምቱን የሚመራው ግራው ስለሆነ። ይህን አባቴ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ እኔ አውቃለሁ። በኋላ መንግሥት ወደ አሰላ ሲመድበው፣ ዱላውን ከመለኪያ ዘንጎቹ ጋር አስሮ አውቶቡስ ላይ ጭኖ መጣ።

አሰላ ሯጭ ታወጣለች እንጂ ጎልፍ ተጫዋች አውጥታ አታውቅም። ሰው ሲሮጥ ማየት የለመደ አገር፣ ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ መትቶ ሲያበቃ እጁን ኪሱ ከትቶ ቀስ እያለ ሊያነሳ የሚሄድ ሰው ሲያይ ግራ ይገባው ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች "ቀያሹ ከዘራውን ገልብጦ ያዘ" እያሉ ይሳሳቁበት ነበር። አባቴም አብሯቸው ይስቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ማንም አያስቀረውም። እኔም አልቀርም። አንድ ልጅ ነበርኩ፤ ወንድም የለኝ እህት የለኝ፣ ጨዋታዬ እሱ ነበር።

የምንጫወትበት ከከተማው በላይ፣ ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ እስከ በልግ ድረስ ሜዳው የኛ ነው። ሽማግሌው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነበሩ፤ አማርኛቸውን የሳጉሬ ገበያ ነው ያስተማራቸው፣ ግን አሳምሮ አስተምሯቸዋል። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ሲመታ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩት በኋላ ቂሌ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ቂሌ በኦሮምኛ የገና ጨዋታ ነው።

"ቂሌ ሰው ከሰው ነው የሚጫወተው። አንተ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው ብቻህን የምትመታ?"

አባቴ "ከራሴ ጋር ነው፣ አባባ" አላቸው።

"እሱ ከባድ ነው" ብለው ሄዱ።

እኔ አሥረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የአባቴ ኳስ ፈር ለቀቀች። ልማዱ እንደዚህ ነበር፤ እንደ ሙያው ሁለት ችካል ይተክላል፣ አንዱን ከእግሩ አጠገብ፣ አንዱን ራቅ አድርጎ ከማሳው ጫፍ። ኳሷ ከችካል ወደ ችካል በሲባጎ የተሰመረች ይመስል ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በዚያ ቅዳሜ ግን የመጀመሪያዋ ኳስ ደህና ተነስታ፣ ሄዳ ሄዳ፣ መጨረሻዋ ላይ የጠራት ሰው ያለ ይመስል ወደ ግራ ታጠፈችና ቦይ ውስጥ ገባች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው።

"ቁልምጫ መጣ" አለ አባቴ እየሳቀ።

ይህ የቤታችን ቃል ነበር። ሰባት ዓመቴ ሳለ አንዷ ኳስ እንዲሁ ስትታጠፍ "አየሽ፣ ተቆለመመች" ቢለኝ፣ እኔ ደግሞ "ማን አቆላመጣት?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። መቆልመምና መቆላመጥ ለኔ አንድ ነበሩ። አባቴ ሳሩ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ፤ ማታም ለእናቴ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ የምትታጠፍ ኳስ ስሟ ቁልምጫ ሆኖ ቀረ። ድሮም አልፎ አልፎ ትመጣ ነበር፤ አቋቋሙን አስተካክሎ ያስለቅቃታል። የዚያን ታኅሣሥ የመጣችው ግን አልለቀቀችውም።

አባቴ ነገሩን እንደ ቅየሳ ስህተት ያዘው። ልኬት ሲሳሳት የሚጠረጠረው ሦስት ነው ይል ነበር፤ መሣሪያው፣ መሬቱ፣ ለኪው። የዱላውን ዘንግ ከሲባጎ ጋር አስተያይቶ ቀጥ ማለቱን አረጋገጠ። መሬቱን ተጠራጥሮ ሦስት ቦታ ቀያየረ። ኳሷ የትም ቢያስቀምጣት ወደ ግራ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ ዱላውን ተደግፎ ወደ ጭላሎ እያየ "እንግዲህ የቀረው ለኪው ነው" አለ። ሳቀም። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ከዚያ በማሳው ጫፍ ኳስ መጠበቁን አስተወኝና አጠገቡ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ሰው ሲመታ ራሱን ማየት አይችልም አለኝ። ያኔ የተናገረውን እስከነ ድምፁ አስታውሰዋለሁ።

"ዓይኔ አንቺ ነሽ። ያየሽውን ሳትደብቂ ንገሪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

አየሁ። ምነው ባላየሁ።

ፀሐይዋ ወደ ዝዋይ በኩል ዘቅዝቃ ነበር፤ ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የእጆቹን እያንዳንዱን ጅማት ያሳይ ነበር። ድሮ ብረቱ ኳሷን ሲያገኛት ድምፁ አንድ ነው፤ እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው አጭርና ደረቅ። አሁን ከድምፁ በፊት ሌላ ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ ቆዳ ሲንሸራተት። ጓንቱን አየሁት። ከመዳፉ ግርጌ፣ ከትንሿ ጣት በታች ባለው ሥጋ ላይ፣ ቆዳው ሳስቶ ሊበሳ ነበር። እዚያ ቦታ አልቆ አያውቅም። ዱላው ግራ እጁ ውስጥ እየተንሸራተተ ነበር። ኳሷ ዘንድ ሲደርስ የግራ እጁ ጣቶች ይከፈታሉ፤ ቀኙ ብቻውን ይቀርና ዱላውን ይገለብጠዋል፤ ኳሷም ትቆለመማለች።

ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ያወቅኩት በአያቴ ነው። የአባቴ አባት ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ አራት ዓመት ተኝቷል። ስድስት ዓመቴ ሆኖ አዲስ አበባ ወስደውኝ፣ አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣሞ ስሜን ሊጠራ ሲታገል ሰምቼ አልጋ ሥር ተደብቄ ነበር። በለቅሶው ላይ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ውስጤ ቀርቷል። የጀመረው በግራ እጁ ነው፤ ብርጭቆ ከእጁ ወደቀበትና "ምን ነካኝ" ብሎ ሳቀ ተባለ።

አባቴም የደም ግፊት ነበረበት። ኪኒን ታዞለት ጀምሮ፣ ሻል ሲለው ደህና ሰው ኪኒን አይውጥም ብሎ ተወው። እኔ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቤት ውስጥም እሱን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የሸሚዙ የቀኝ እጅጌ ቁልፍ ሁልጊዜ ተከፍቶ አየሁት። መጀመሪያ ቀኝ መሆኑ አጽናናኝ። ከዚያ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ የቀኝ እጅጌን የሚቆልፈው ግራ እጅ ነው።

ለእናቴ ለመንገር ሞከርኩ። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። "እማዬ፣ የአባዬ ግራ እጅ…" ብዬ ሳልጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"የሰይጣን ጆሮ አይስማው" አለችኝ፤ ቃሉንም በሹክሹክታ ነው ያለችው። "ክፉ አታውሪ። ክፉ ነገር ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል።"

በቤታችን ሟርት ከበሽታ በላይ ይፈራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እናቴ አባቴን በር ላይ አስቁማ፣ "ስትቸኩል" እያለች የቀኝ እጅጌውን ስትቆልፍለት አየሁ። እጆቿ ነገሩን ለምደውታል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አባቴ ራቅ ብሎ ይመታል። አንድ አዩ፣ ሁለት አዩ፣ ሦስተኛዋ ቦዩ ውስጥ ስትገባ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደኔ ሳይዞሩ ማውራት ጀመሩ።

"ኢንታላ፣ ሰው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ፈሩ ወደ ግራ ከጠመመ፣ ጥፋቱ የገበሬውም የማረሻውም አይደለም። የግራው በሬ ደክሟል። ቀኙ እየቀደመው ነው።" ኢንታላ ማለት ልጅቷ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚጠሩኝ። የራሳቸውን ግራ እጅ አንስተው አሳዩኝ። "ሀርካ ቢታ። ይሄ ደክሞበታል። አይተሻል አይደል?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ሰው አይቶታል ማለት እውነት ነው ማለት ነበር።

"እርስዎ ይንገሩት፣ አባባ" አልኳቸው።

እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ጎረቤት ሲናገር ሰው ይስቃል፤ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ልጁ ስትነግረው ነው አሉኝ። ለሚመጣው ቅዳሜ እንደምነግረው ቃል አስገቡኝ። "በሬ ሲደክም ቶሎ ከፈቱት ይድናል" ብለው ተነሱ። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ? በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ቃሉን አጠናለሁ። "አባዬ፣ ግራ እጅህ ዱላውን እየለቀቀ ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሂድ።" አሥራ አንዲት ቃል አትሞላም። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት መንገዱን ሙሉ እላታለሁ፤ በራችን ላይ ስደርስ ከአፌ ትጠፋለች። የእናቴ ነገር ደሜ ውስጥ ገብቶ ነበር። ካልተባለ አልሆነም። ዝም ብዬ እስካለሁ ድረስ አባቴ ደህና ሰው ነው፤ ኳሷ ብቻ ናት የታመመችው። አፌን በከፈትኩ ቀን አያቴ ያን የተጣመመ አፉን ይዞ አሰላ ይመጣል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት፣ ፊዚክስ የምትማር ልጅ እንዲህ ታስብ ነበር። ፍርሃት ደግሞ ትምህርት አይሰማም።

ቅዳሜ ደረሰ። ነፋሱ ከጭላሎ እየወረደ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ አባቴ አፍንጫው ቀልቷል። ጓንቱን በጥርሱ እየሳበ አጠለቀ። በጥርሱ መሳብ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ሽማግሌው ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ፣ አጥራቸው ዘንድ ቆመዋል። አባቴ ዱላውን መሬት ላይ አቆመና ወደኔ ዞረ።

"በይ፣ ዛሬ ፍርድሽን ስጪኝ። ጥፋቱ ከየትኛው እጅ ነው?"

ፊቱን አየሁት። እየሳቀ ነበር፣ ዓይኖቹ ግን አይስቁም ነበር፤ ፈተና ወረቀቱ ሲመለስለት የሚጠብቅ ተማሪ ይመስል ነበር። ያን ፊት ያኔ ማንበብ ብችል ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

"ቀኝ እጅህን አላላው" አልኩት። "ቀኝህ እየቀደመ ነው።"

ጓንቱን አየት አደረገ።

"ግራውስ?"

"ምንም።"

ውሸት ነው እንዳልል ቀኙ በእርግጥ እየቀደመ ነበር። እውነት ነው እንዳልል ለምን እንደሚቀድም አውቃለሁ። ግማሽ እውነት ይዤ ቆምኩ።

አባቴ የቀኝ እጁን ጣቶች አላላ፤ በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ብቻ ያዘ። መታ። ኳሷ ተነሳች፣ ሄደች፣ አልታጠፈችም። ወደ ችካሉ አቅጣጫ ቀጥ ብላ ወርዳ አረፈች። ሁለተኛዋም ቀጥ አለች። አምስተኛዋ ላይ ዱላውን ወርውሮ እንደ ልጅ ዘለለ። "ለቀቀችኝ! ቁልምጫዋ ለቀቀችኝ!" ብሎ ጮኸ፤ አባቴ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሮጦ መጥቶ አንስቶ አሽከረከረኝ። የቀኝ ክንዱ ወገቤን ጠብቆ ይዞኛል፤ የግራው ጀርባዬ ላይ ተጋድሞ ነበር እንጂ አልያዘኝም። ጀርባዬ አወቀው። ፊቴን ሹራቡ ውስጥ ቀብሬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ኳሶቹ አንዳቸውም ችካሉ ዘንድ አልደረሱም ነበር። ወደ ሠላሳ እርምጃ አጥረዋል። ዕድሜ ልኩን ርቀት ሲለካ የኖረ ሰው የዚያን ቀን ርቀቱን አልለካም። እኔ ኳሶቹን ለመልቀም ስሄድ ሽማግሌው በአጥሩ በኩል ጠበቁኝ።

"ደህናውን በሬ አሰርሽው፣ ኢንታላ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ፈሩ ቀና። ማሳውን ግን ማን ያርሰዋል?"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቀጥለው ቅዳሜ እነግረዋለሁ አልኳቸው። ያን ቅዳሜ አልነገርኩትም። አባቴ በጣም ደስ ብሎት ነበርና፤ በሳምንቱ ውስጥ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ሁሉ "የኔ ልጅ እኮ ሐኪም ናት" እያለ ያወራ ነበር። ኳሷ በየቅዳሜው ቀጥ ትላለች፤ በየቅዳሜውም ታጥራለች። እኔ ብቻ ርቀቱን በእርምጃዬ እለካ ነበር፤ እየለካሁም ዝም እል ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኳሷን ሣሩ ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም። መጀመሪያ ኳሷ የተንከባለለችበት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በጎኑ ቀስ ብሎ ወደቀ፤ በግራው። ጠራሁት። ወደኔ ዞረ፤ የተጣመመውን አፍ አየሁት። አያቴ አሰላ መጣ። ምንም ሳልናገር መጣ።

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ማሳውን እንዴት ሮጠው እንዳቋረጡት አላውቅም። ተሸክመነው መንገድ አወጣነው፤ ያ በከዘራው የሚሳለቅበት የባጃጅ ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ ወሰደን። በመንገድ ላይ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጓንቱን አወለቅኩለት፤ ለምን እንዳወለቅኩት አላውቅም፤ የሚሠራ ነገር ስላጣሁ ይሆናል። እጁ ቀዝቅዞ ነበር፣ ለምን እንደሆነም የማያውቅ ይመስል ተከፍቶ ነበር።

ሐኪሟ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበች ወጣት ነበረች። መርፌውን ከሰጠች በኋላ ወደ እናቴና ወደኔ ዞራ ቀደም ብሎ ያየነው ነገር ካለ ጠየቀችን። የእጅ መዛል፣ ዕቃ ከእጁ መውደቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ቶሎ ቢመጣ ኖሮ በመድኃኒት ብዙ ሊረዳ ይችል እንደነበር አስረዳችን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ምንም" አለች። ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ጓንቱ ጭብጤ ውስጥ ነበር።

"ምንም" አልኩ።

አባቴ አልሞተም። አምስት ዓመት ኖረ። እግሩ በከዘራ መሄድ ቻለ፣ አፉም ቀስ በቀስ ቀና፤ ንግግሩ ብቻ ዘገምተኛ ሆነ። ግራ እጁ ግን አልተመለሰም። ከክርኑ ታጥፎ፣ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተጠቅልለው ተቆለመመ። እሱ በራሱ ይቀልድ ነበር፤ ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ እጁን በቀኙ አንስቶ "ቁልምጫዋ ኳሷን ለቃ እጄ ላይ ወጣች" ይላል። ጠያቂው አይገባውም፣ እኔ ግን ወጥቼ ጓሮ እቆማለሁ። ሽማግሌውም በየወሩ የገብስ ቆሎ ይዘው ይመጡ ነበር። ከአባቴ ጋር ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ። ለኔ "ኢንታላ፣ ደህና ነሽ?" ይሉኛል። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ዓይናቸውን ለማየት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የአሰላ ጠዋት እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ሲሆን አጥንት ይገባል። የታመመው እጁ ብርድ አይችልም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጓንቱን እኔ አጠልቅለት ነበር። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ትንሿን፣ ከዚያ የቀለበቷን፤ ከተቻኮልኩ ያመዋል፣ ከፈራሁም ጣቱ ተመልሶ ይጠቀለላል። ቫዝሊን እቀባዋለሁ፣ በትንፋሼ አሞቀዋለሁ። ያን ያህል ቀርበን የምናወራው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነበር።

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሌላ ድምፅ አያሰማም ነበር። የቀለበት ጣቱን ከፍቼ ይዣለሁ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ካላስጠጋሁ የሚለውን አልሰማውም። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ተናገረ።

"ያን ቀን… አስታወስሽው? የፈረድሽልኝን ቀን።"

አስታውሳለሁ አልኩት።

ያኔ ፈርቶ እንደነበር ነገረኝ። ከኅዳር ጀምሮ ግራ እጁ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ጠርጥሮ ነበር። አባቱ እንዴት እንደጀመረው ያውቃል። ለእናቴ እንዳይነግራት ሟርት ይሆንባታል፤ ለራሱም ደፍሮ እንዳይለው ፈራ። ስለዚህ በልቡ ነገሩን ለኔ ጣለው። ልጄ ዓይኗ አይሳሳትም፤ ግራ ነው ካለችኝ ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አለ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሁሉ ጠይቆ ነበር።

"አንቺ ግን… ምንም አልሽኝ" አለና ፈገግ አለ፤ ያ ዘገምተኛ ፈገግታው። "አመንኩሽ። ፈቃዱን መለስኩላቸው። በሕይወቴ… እንደዚያን ቀን… ደስ ብሎኝ አያውቅም።"

ወቀሳ አልነበረም፤ እያመሰገነኝ ነበር። በሽታው ከዚያ በኋላ፣ በድንገት የመጣ መስሎት ነበር። ቢያንስ እነዚያን ሦስት ሳምንታት ያለ ፍርሃት ኖርኩ አለኝ፤ ያን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ አለኝ። የቀለበት ጣቱ እጄ ውስጥ ተመልሶ ተጠቀለለ። ፈርቼ ነበርና።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። "አይቼ ነበር፣ አባዬ።" ዝናቡ ይሰማል፣ ሌላ ማንም አይሰማንም። አልወጣኝም። አሁን ብነግረው ከአምስት ዓመት ሕመም ውስጥ የቀረችውን አንዷን ደስታ እወስድበታለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ወይም ለራሴ እንዲያ ብያለሁ። እውነቱ ግን ያው የድሮው ፍርሃት ነው። ጣቱን እንደገና አሞቅኩና ከፈትኩ፣ ጓንቱን አጠለቅኩለት፣ የአንጓውን ቁልፍ ዘጋሁ። "እኔም ደስ ብሎኝ ነበር" አልኩት። አዲሱ ዓመት ገብቶ ጥቅምት ላይ አረፈ። ሲገንዙት ጓንቱን አውልቀው ለእናቴ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም ነበር፣ እስካለፈው ሳምንት።

አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥኩ ጓንቱን በራሴ እጅ ልሞክረው ፈለግኩ። ጣቶቼን ዘርግቼ ብገፋ ብገፋ አልገባ አለኝ። ቆዳው የያዘው የቀያሹን እጅ አይደለም፣ የበሽተኛውን ነው። በመጨረሻ ጣቶቼን እንደሱ ወደ ውስጥ ጠቀለልኳቸው። ገባልኝ። ከትንሿ ጣት በታች ባለችው የሳሳች ቦታ የራሴ ሥጋ ታየኝ።

እናቴ ከሳሎን እንደገና ጠራችኝ። አርጅታለች፤ አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች።

"ምን አገኘሽ ነው የምልሽ?"

ፈራሁ። ልክ እንደዚያን ቅዳሜ ነው የፈራሁት፤ "ምንም" ግን አላልኳትም። ጓንቱን ሳላወልቅ ተነስቼ ወደሷ ሄድኩ።